የወንዶቹ በሽታ

ሰኞ፣ ዝናቡ በገባበት ሳምንት

አባባ ከሆስፒታል ወጥተው ቤት ገቡ። ወንድሜ በጀርባው አዝሎ ደረጃውን አወጣቸው፤ እኔ ጫማቸውን ይዤ ከኋላ ተከተልኩ። ቀኝ እጃቸው ወንድሜ ደረት ላይ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ያ እጅ ዕድሜ ልኩን የዱቄት ጆንያ እንደ ትራስ ሲያነሳ የኖረ ነው። እማዬ በር ላይ ቆማ "ቀስ፣ ቀስ" ትላለች። ወንድሜ እንደሆነ ቀስ ማለት አልፈጠረበትም።

ከመውጣታችን በፊት ሐኪሟ ለብቻዬ ጠርታኝ ነበር። ከቤተሰቡ እንዲህ በስትሮክ የወደቀ ሌላ ሰው አለ ወይ አለችኝ። አያቴ አልኳት። አጎቴም። ሁለቱም ልክ እንደ አባባ ዳቦ ቤቱ ውስጥ፣ ምድጃው ፊት ነው የወደቁት። ሴቶችስ አለች። ሴቶቻችን ጤነኞች ናቸው፣ ይሄ የወንዶቹ በሽታ ነው አልኳት፤ እንዲያውም ኩራት ቢጤ ሳይሰማኝ አልቀረም። ከዚያ ስለ ሥራችን ጠየቀችኝ፤ ስለ ጭሱ፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ እንቅልፋችን፣ ስለምንበላው። ስለ ጨው ጆጉ ስነግራት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

ጆጉ አያቴ ያመጡት ልማድ ነው። ምድጃ ፊት የሚቆም ሰው ላቡ ጨው ነው፣ የወጣው መመለስ አለበት ይሉ ነበር። ስለዚህ በየጠዋቱ አንድ ትልቅ ጆግ ውሃ በጨው ይበጠበጣል፤ ጋጋሪዎቹ ሲጠማቸው ከሱ ይጠጣሉ። ድሮ የምትበጠብጠው የአባባ እህት፣ አክስቴ ነበረች። እሷ ካረፈች ወዲህ ሥራው የኔ ነው። በማንኪያ አልለካም፤ ልኩን የማውቀው በምላሴ ነው።

ሐኪሟ "የወረሳችሁት ደም ብቻ አይደለም፤ ቤቱንም ነው የወረሳችሁት" አለችኝ። "ደሙን መለወጥ አይቻልም፣ ቤቱን ግን ይቻላል። ሁላችሁም ደም ግፊታችሁን ተለኩ። ወንድምዎን ደግሞ ቶሎ ያምጡት።"

እሺ አልኳት። ነገ እነግረዋለሁ።

ማክሰኞ

አልነገርኩትም። የአዳሪ ትምህርት ቤቱ የግዢ ኃላፊ መጥቶ ነበር። የተማሪዎቹ የቁርስ ዳቦ እስከ ፈተናቸው መጨረሻ ከእናንተ ይሁን አለ። አባባ ለዓመታት የጎመጁት ሥራ ነው፤ እሳቸው አልጋ ሲይዙ ከች አለ። ሰውየው አልሸፋፈነም፤ አንድ ጠዋት ዳቦ ከቀረ ሌላ ዳቦ ቤት እሄዳለሁ ብሏል። ወንድሜ አስጨርሶት እንኳን አልነበረም እጁን ዘርግቶ የጨበጠው።

አሁን ምድጃውን የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። ዛሬ ብነግረው ወይ ይደነግጣል፣ ወይ ሐኪሟ ከሥራ ታስቀረዋለች። ውሉ ይጀመር፣ ሥራው መልክ ይያዝ፣ ያኔ እነግረዋለሁ። ይሄን ጽፌ መልሼ ሳነበው ራሴን ታዘብኩት።

ሐሙስ

ጨዉን ቀነስኩ። ለማንም ትንፍሽ ሳልል፣ ከግማሽ በታች። ቢያንስ ይህችን ላድርግ ብዬ።

ደስታዬ ጋጋሪዎቹ እስኪቀምሱ ድረስ ብቻ ነበር። ሊጥ አቡኪያችን፣ አፉ ስለማይዘጋ ሬዲዮ የምንለው፣ አንድ ጊዜ ተጎንጭቶ "እትዬ፣ ጆጉም እንደ ጋሼ አመመው እንዴ?" አለ። ሌሎቹ ሳቁ፤ ከዚያ የተሳቀው በማን ላይ እንደሆነ ትዝ ሲላቸው አቀረቀሩ። ወንድሜ አልሳቀም። ፊቱ በርበሬ መስሎ መጣና ጆጉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። ሰው ሁሉ ይሄ ልጅ የአባቱን ቦታ ይችለው ይሆን እያለ ዓይኑን ተክሎብኛል፣ አንቺ ደግሞ የአባባን ልማድ ከመጀመሪያው ሳምንት ታፈርሺብኛለሽ አለኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የተናገረው፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

ስለ ጨዉ እውነቱን ብናገር የቀረውንም መናገር ሊኖርብኝ ነው። ስለዚህ ዓይኔን በጨው ታጥቤ ጨዉን መለስኩት። በገዛ እጄ፣ ምን እንደሚያደርግ እያወቅሁ። ልኩ መሆኑን ለማረጋገጥ አንድ ኩባያ ሙሉ ጠጣሁ። ሬዲዮ ቀምሶ "አሁን ገና ዳቦ ቤት ሆንን" አለ።

ቅዳሜ፣ ቆሜ የጻፍኩት

ጊዜ የለም። እንጨቱ እርጥብ፣ ቤቱ ጭስ በጭስ። ሁለት ትሪ ከእጄ አምልጦ ወለል ላይ ተበተነ። ወንድሜ ራሱን አስሮ ዋለ። አልነገርኩትም።

ሰኞ

ስለ ራስ ማሰር ልጻፍ፤ ለራሴም እንዲገባኝ።

በቤታችን ራስ ማሰር ማዕረግ ነው። አያቴ ሥራ ሲበዛ ጨርቅ አርጥበው ግንባራቸው ላይ ጥብቅ አድርገው ያስሩ ነበር፤ አባባም እንደዚያው። "ምድጃው ራሴን ያዘኝ" ይባላል። ታመምኩ ማለት አይደለም፤ ሥራ ላይ ነኝ፣ አትንኩኝ ማለት ነው። ልጆች ሆነን እኔና ወንድሜ የሊጥ መሸፈኛ ጨርቅ ራሳችን ላይ ጠምጥመን "ምድጃው ያዘኝ" እያልን ስንጫወት አባባ በሳቅ ይፈርሱ ነበር። ቅዳሜ ወንድሜ የአባባን ሰማያዊ ጨርቅ ከሚስማሩ ላይ አውርዶ አሰረው። ሠራተኞቹ "ጄኔራል" ብለው በወታደር ሰላምታ ተቀበሉት። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከጨርቁ በታች የተገተረውን የግንባሩን ደም ሥር ግን አየሁት።

እኔም ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት ማጅራቴን ስለሚወጋኝ ሻሼን ጠበቅ አድርጌ ነው የምውለው። የኔ ከእንቅልፍ ማጣት ነው።

ዛሬ ቧንቧ ሠሪው ጣሪያ ላይ ወጥቶ የጭስ ማውጫውን አየው። ሲወርድ ከዓይኑ በስተቀር ሁሉ ነገሩ ጥቁር ነበር። የጭስ ማውጫው አንገት በጥቀርሻ ተደፍኗል፣ ጭሱ የሚወጣበት አጥቶ ወደ እናንተ ነው የሚመለሰው፣ ለመጥረግ ደግሞ ምድጃው ሦስት ቀን መቀዝቀዝ አለበት አለ። ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ። ትእዛዙን የምይዘው እኔ ስለሆንኩ ቀኑን የምቆርጠውም እኔ ነኝ። ከፈተናው በኋላ አልኩ። ቧንቧ ሠሪው መሰላሉን እያጠፈ የእትዬ ወንበር ግን ልክ ጭሱ የሚወርድበት ላይ ነው አለ፤ ለወንድሜ ነው የነገረው፣ እኔ እንዳልሰማ። ሰምቻለሁ። ልጄን ካዘልኩበት ጊዜ ጀምሮ እዚያ ወንበር ላይ ነው የተቀመጥኩት፤ ጭስ ቢገድል ኖሮ ይሄኔ አፈር ሆኛለሁ። ሥጋቴ ምድጃው አፍ ላይ ለሚቆመው ነው።

ረቡዕ

ለአባባ ሾርባ ላበላ ሄድኩ። ግማሹ በአገጫቸው ይወርዳል። እማዬ በፎጣ እየጠረገች "አፋቸው ወደ ጎን ሲሄድ ቁርጥ እህታቸውን። እሷም በመጨረሻዋ ቀን እንዲሁ ነበረች" አለች። እኔ ማንኪያውን እያቀዘቀዝኩ ስለነበር እሺ እሺ ብዬ አለፍኩት። አክስቴን ሐዘን ነው የገደላት። ባሏን በቀበረች በሳምንታት ውስጥ ዕቃ እያጠበች ድፍት አለች፤ ይሄን ማን የማያውቅ አለ።

ልጄ ከኮሌጅ መልስ መጣችና ለአባባ ጋዜጣ አነበበችላቸው። ለፈተና እያጠናች ስለሆነ እሷም ራሷን አስራለች። ወንድሜ ሲያያት "በቃ፣ ማዕረግሽ ደረሰ" ብሎ ቀለደባት።

ከዚያ አንድ ነገር ሆነ። ልሰናበታቸው ጎንበስ ስል አባባ በደህናው እጃቸው ሻሼን ያዙት። ጎተቱት። እንዳይወድቁ ብዬ ጠጋ ብል አልለቀቁም፤ ከራሴ ላይ እስኪወልቅ ጎተቱትና ጨብጠውት አለቀሱ። ሊናገሩ ይታገላሉ፤ የሚወጣው ግን ድምፅ ብቻ ነው። ሰማያዊ ጨርቃቸው ናፍቋቸው ነው ብዬ ገመትኩ። ወንድሜ ነገ ያመጣልዎታል አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አይደለም እንደማለት። ሻሼን እዚያው ትቼላቸው ወጣሁ።

መንገድ ላይ ከወንድሜ ጋር ጎን ለጎን ሄድን። ዝናቡ አባርቶ፣ ሰው የለም፤ ለመናገር ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም። "ስማ" ብዬ ጀመርኩ። "ምን?" አለ። ለነገ እንጨት ይበቃናል ወይ አልኩት።

ዓርብ

ሬዲዮ ለቀጭኑ ሾፌራችን ሲያወራ ሰማሁት። "ጄኔራሉ ትላንት ግድግዳ ተደግፎ ቆመ፣ ዓይኑን ጨፍኖ። ስጠራው ሊመታኝ ምንም አልቀረው።" ሾፌሩ ዘራቸው ነው፣ ደመ ሞቃት ናቸው አለ።

እሱን በየደቂቃው የማየው መስሎኝ ነበር፤ ይሄን አላየሁም። የዛን ሰዓት ዓይኔ ብዥ ብሎብኝ እያሸሁ ነበር። ጭሱ።

ጆጉን ዛሬም ሞላሁት። ስበጠብጠው እጄ እንደ ሌላ ሰው እጅ ሆኖ ታየኝ። ሰው ለጠላቱ እንኳን የማያደርገውን ለወንድሜ በየጠዋቱ አደርጋለሁ፤ እቀምሳለሁ፣ ልኩ ነው እላለሁ።

ሐሙስ

የግዢ ኃላፊው መጣ። ለፈተናው ሳምንት ስንት ትሪ እንጨምር ብሎ ጠየቀኝ። ቁጥሩን አውቀዋለሁ፤ ጠዋት ከወንድሜ ጋር ተነጋግረንበታል። አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። ቃሉ እዚያው ፊት ለፊቴ ቆሞ ምላሴ ግን ወፍሮ አልታዘዝ አለኝ። ሰውየው ስልኩ ጮኾ ዞር ብሎ ማውራት ያዘ፤ እሱ ጨርሶ እስኪመለስ ቃሉ መጣ። ቁጥሩን ነገርኩት፤ ደግሞም ቀለድኩ፣ ሬዲዮ ሁሉንም ቃል ጨርሶብኝ ነው አልኩት። ሳቀልኝ።

ቤት ገብቼ አሰብኩበት። ይሄ ጸጸት ነው። ዛሬ ነገ እያልኩ በጉሮሮዬ የያዝኩት ነገር ነው አፌን የተበተበው። መናገር ያለበትን ያልተናገረ አፍ የሚገባው ይሄው ነው። ፍርዴን እንዳገኘሁ ነው የቆጠርኩት፤ እንዲያውም ትንሽ ቀለል አለኝ። ልጄ ፊትሽ ምነው አለችኝ። ደክሞኝ ነው አልኳት።

ቅዳሜ

ቀኝ እጄ ይተኛብኛል። ወንበሩ ነው። ይሄ ጽሑፍም ወደ ታች እየወረደ ነው፤ ይነበብ ይሆን?

የፈተናው ሳምንት ሰኞ ይጀምራል። ጥቂት ነው የቀረው። ምነው ወንድሜ ይችን ሳምንት ብቻ በሰላም ባለፈልኝ። ከዚያ በእግዚአብሔር ስም ምዬ እነግረዋለሁ።

ረቡዕ፣ በችኮላ

እየቆመ ነው። እየጋገረ ነው። ጆጉን ሁለቴ ሞላሁ። አልነገርኩትም፣ አልነገርኩትም።

ዓርብ፣ ከሰዓት በኋላ

ፈተናው አለቀ። የመጨረሻው ዳቦ ወጣ። ሾፌሩ መኪናውን አስነስቶ ሄደ፤ ሠራተኞቹም ወደየቤታቸው። ምድጃው ሲቀዘቅዝ ከሆዱ ውስጥ ጠጠር የሚፈጭ ዓይነት ድምፅ ያሰማል። ወንድሜ ባዶ ጆንያዎች ላይ ተቀምጦ ሰማያዊውን ጨርቅ ፈታው። ግንባሩ ላይ ምልክቱ ታትሟል።

ነገርኩት። ስለ ሐኪሟ፣ ስለ ጨዉ፣ ቀንሼ ስለመለስኩት፣ ስለ ጭስ ማውጫው። ለምን ዝም እንዳልኩም ነገርኩት፤ ያ ነበር የከበደኝ። እሱ ጨርቁን እያጠፈ አዳመጠኝ፣ ትንሽ እስኪሆን ድረስ አጥፎ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

"መቼ ነው የነገረችሽ?"

"አባባ የወጡ ዕለት።"

"እታለም፣ የፈራሽው ለኔ ነው ወይስ ለምድጃው?"

ለሁለቱም አልኩት። ከዚያ እሱ ቀና ብሎ ሲያየኝ ውሸቱ አፌ ውስጥ መረረኝ። "ለምድጃው" አልኩት።

ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። አልተቆጣም። "አባባ ሲወድቁ በነዚህ እጆቼ ላይ ነው የወደቁት" አለ። "ቀጣዩ እኔ መሆኔን ለማወቅ አንቺን አልጠበቅሁም። የጠበቅሁት እንድትይኝ ነው። አንቺ ካላልሽ ምንም የለም ማለት ነው እያልኩ ነበር የምቆመው።"

ቢመታኝ ይቀለኝ ነበር። አጠገቡ ጆንያው ላይ ተቀመጥኩና እንደ ልጅነታችን ትከሻ ለትከሻ ሆነን አለቀስኩ። እሱ ጆጉን አንስቶ የቀረውን ውሃ አመዱ ላይ ደፋው።

ቅዳሜ

ሆስፒታል ሄድን። ነርሷ ክንዱ ላይ ጨርቁን ጠቅልላ ስትነፋ የግፊት መለኪያውን መርፌ ማየት አቅቶኝ ግድግዳ ግድግዳውን አየሁ። ከፍ ያለ ነው። ሐኪሟ ግን ፊቷን አላጠቆረችም። መድኃኒት ይጀምራል፣ ጨው ይቀንሳል፣ ጭሱ ይስተካከላል፣ እንቅልፉን ይተኛል፤ በጊዜ መጥቷል አለች። በጊዜ የሚለውን ቃል ስሰማ፣ ይሄን ያህል ያዘገየሁት እኔ ነኝና አፈርኩ። እንዲሁም ሰውን ስትሮክ ሲመታው የሚታዩትን ምልክቶች አንድ በአንድ አስረዳችው፤ አፍ ሲጣመም፣ ክንድ አልነሳ ሲል፣ አንደበት ሲተሳሰር፣ ያኔ ደቂቃ ሳያባክኑ ወደ ሆስፒታል ነው። እሱ ተማሪ ሆኖ አዳመጠ። እኔ ስልክ እየጮኸብኝ ነበር፤ ቧንቧ ሠሪው ዳቦ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

ወንድሜ መድኃኒት ሊገዛ ሲወርድ ነርሷ "እርስዎስ እትዬ? ይቀመጡ፣ አፍታ ነው" አለችኝ። ሳቅኩ። እኔ ምድጃ ፊት አልቆምም፣ የኛ ቤት በሽታ የወንዶቹ ነው አልኳት። ቢሆንም አለች። ቧንቧ ሠሪው እንዳይሄድብኝ፣ ነገ ተነገ ወዲያ እመጣለሁ ብያት ወጣሁ።

ከደረጃው ስወርድ እግሬ መሬት አይነካም ነበር፤ እንዲህ ቀሎኝ አያውቅም።

ቀኑን አላውቀውም

በግራ እጄ ነው። ፊደሎቹ የሕፃን ይመስላሉ። ልጄ ደብተሩን ይዛልኝ።

ወንድሜ በተለካ ማግስት ነው። ጭስ ማውጫው እየተጠረገ። ጆጉን አጥቤ ላስቀምጠው ብዬ። ለዓመታት ውስጡ የጋገረ ጨው ነበር፣ ስፈትገው። እጄ ተወው። ጆጉ ወደቀ። እኔም።

ወንድሜ አየኝ። አፌን አይቶ ወዲያው አወቀ። በዋዜማው ነው የተማረው። አዝሎ ሮጠ። ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ፣ አለች ሐኪሟ። ቀሪውን አልጨረሰችም።

ማክሰኞ ነው ብለውኛል

ዛሬ ትንሽ ይሻለኛል፤ እረፍት እያደረግሁ እጽፋለሁ።

እማዬ ሊጠይቁኝ ለመጡ ጎረቤቶች ስታስረዳ ሰማሁ። ዓይኔን ስለጨፈንኩ የተኛሁ መስሏታል። "የአባቷ ነገር ነው የጣላት። ሐሳብ ታበዛለች፣ ሁሉን በሆዷ ትይዛለች። ሐሳብ ነው የጣላት" አለች። ሴቶቹ እህህ አሉ። አንዷ እኮ ሴት ልጅ ሆደ ባሻ ናት አለች።

ተኝቼ አሰብኩት። አክስቴን ሐዘን፣ እኔን ሐሳብ። ወንዶቹን ግን በሽታ። ብሞት ኖሮ ልጄም ሐኪም ሲጠይቃት ሴቶቻችን ጤነኞች ናቸው ትል ነበር፣ እንደኔ ኮራ ብላ።

አክስቴ ምድጃ ፊት ቆማ አታውቅም። ጆጉን በጥብጣ ትቀምስ ነበር። ጭሱ የሚወርድበት ወንበርም ከኔ በፊት የሷ ነበር። ዕቃ ስታጠብ ነው የወደቀችው። ይሄን ሁሉ አውቅ ነበር። አንዱንም ከአንዱ አላገናኘሁትም፤ ለወንድሜ መጨነቅ ጥሩ ሰው ያደረገኝ መስሎኝ ነበር። አፌ የተሳሰረ ቀን ጸጸት ነው አልኩ። ጸጸት አልነበረም። ጸጸቱም እውነት ነው፣ በሽታውም እውነት ነው፤ እኔ ግን በአንዱ ሌላውን ሸፈንኩት።

ሐኪሟ ስትመጣ ወረቀት እንድትሰጠኝ በምልክት ጠየቅኋት። በግራ እጄ "አክስቴም" ብዬ ጻፍኩላት። አነበበችና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። "ይሄን ያኔ ብትነግሪኝ" አለች፤ ከዚያ ትከሻዬን ነካ አድርጋ ተወችው። እስከዛሬ እርስዎ ነበር የምትለኝ፤ አንቺ ስትለኝ ደስ አለኝ።

ሐሙስ

ወንድሜ በየቀኑ ይመጣል። አልጋዬ አጠገብ ተቀምጦ ክኒኑን ፊቴ ይውጣል፣ እንዳየው። ትናንት እኔ በጊዜ አስገድጄሽ ቢሆን ኖሮ አለ፤ ሐኪሟ ጋ አብረን ነበርን፣ አንዴ እንኳን እሷንም ለኳት አላልኩም አለ። ፊቱን አየሁት። የኔን ፊት ነው ያየሁት፣ ክረምቱን ሁሉ ይዤው የከረምኩትን። ተወው ልለው ፈልጌ ያወጣሁት ድምፅ ብቻ ነበር። ገብቶት እንደሆነ አላውቅም።

ጆጉ አሁን ንጹሕ ውሃ ነው የሚያዝበት አለኝ። ሬዲዮ ሳምንቱን ሙሉ አጉረመረመ፤ ከዚያ እሱም ሊለካ ሄደ።

ዓርብ

ልጄ ከዳቦ ቤት መጣች። እኔ ከወደቅሁ ወዲህ ትእዛዙን የምትይዘው እሷ ናት፣ ኮሌጇንም ሳታቋርጥ። ወንበሩን ከጭሱ ሥር አንስተው በር አጠገብ አድርገውላታል። ዱቄት ቅንድቧ ላይ ሳይቀር ነበር። ራሷን በሻሽ ጥብቅ አድርጋ አስራለች።

"ምድጃው ራሴን ያዘኝ" አለችና ሳቀች። ሳምንቱን እንዲህ ነው የሰነበትኩት፣ ፈተናዬ ይለቅ እንጂ እታያለሁ አለች።

ዓይኖቿ ሥር ጠቁሯል። ሳያት አንጀቴን በላችው። የሚጠብቃት ፈተና አለ፣ አያቷ አሉ፣ እኔ አለሁ። ይሄን ደግሞ ዛሬ ጫንቃዋ ላይ እንዴት እጭናለሁ? ፈተናዋ ይለፍ፣ ነገ እነግራታለሁ ብዬ አሰብኩ። ሙሉውን አሰብኩት፣ ቃል በቃል፣ እንደ ድሮው። እንዴት በቀላሉ እንደመጣልኝ ሳይ ደነገጥኩ።

ግራ እጄን ዘረጋሁ። ላቅፋት መስሏት ጎንበስ አለች። ሻሿን ያዝኩና ጎተትኩት። "እማዬ፣ ምን ሆንሽ?" አለች። አልለቀቅኩም፤ ከራሷ እስኪወልቅ ጎተትኩት። ያኔ አባባ ምን ሊሉኝ ይታገሉ እንደነበር ገባኝ። ጨርቃቸው አልናፈቃቸውም ነበር። እንባዬ መጣ። እሳቸው ግን አንደበት አልነበራቸውም፤ እኔ ትንሽ አለኝ።

"አክስቴ" አልኩ። ምላሴ እንደ ሊጥ ይጎተታል። ጆሮዋን ወደ አፌ አስጠጋች። "አክስቴ" አልኩ ደግሜ። "እኔ።" ከዚያ ጣቴን ደረቷ ላይ አድርጌ "አንቺ" አልኳት።

ሻሹን ከእጄ ወስዳ አየችው። ፊቷ ቀስ እያለ ሲለወጥ አየሁ፤ ያን ለውጥ ፈርቼ ነው ከወንድሜ ፊት ስሸሽ የከረምኩት። ከዚያ ተነሥታ በሩን ከፈተችና ነርሷን ጠራች።

ነርሷ ያችው ናት፣ ይቀመጡ አፍታ ነው ያለችኝ። ልጄ የአልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ እጅጌዋን ሰበሰበች። ጨርቁ ክንዷ ላይ ሲነፋ በሌላ እጇ ግራ እጄን ያዘችኝ። ዛሬ ግድግዳውን አላየሁም። መርፌው ወጥቶ እስኪወርድ፣ ነርሷ ቁጥሩን እስክትናገር ድረስ ዓይኔን ሳልነቅል አየሁት።